የባቢሎን ከረጢትና የካኩማ ኪስ

በዚህ ዕትም የመጻሕፍት ገጻችን የሚያቀርብላችሁ ልብ ወለድ አይደለም፤ የግጥም መድበልም አይደለም። ስለ ገንዘብ የተጻፈ መጽሐፍ ነው። «የሌለንን ነገር ምን ብለን እንገመግማለን?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። እኛም መጀመሪያ ያልነው ይህንኑ ነበር። ሆኖም አንድ ነገር ደረሰና ሐሳባችንን ለወጥን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመምህራን ንባብ ክበባችን አባል የሆነች አንዲት እህታችን የሁለት ዓመት ቁጠባዋን በአንድ ቀን አጣች። ከማበረታቻ ክፍያዋ፣ ማለትም ሁላችንም ኢንሴንቲቭ ከምንላት፣ በየወሩ እየቆነጠረች፣ ዕቁብ እየጣለች፣ ቅዳሜና እሑድ እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ያጠራቀመችውን «ፋይልሽን አንቀሳቅሳለሁ፣ ፕሮሰስሽን አፋጥናለሁ» ላላት ሰው አስረከበች። ሰውዬው ገንዘቡን በተቀበለ በሳምንቱ ስልኩ ዝግ ሆነ። አለቀ። «ስሜን ሳትጠሩ ጻፉት፣ ሌላው ይማርበት» ስላለችን ነው የምንጽፈው።

እኛን ያስገረመን መታለሏ አይደለም፤ መታለል በማናችንም ይደርሳል። ያስገረመን ይህች ሴት ከሁላችንም የተሻለች ቆጣቢ መሆኗ ነው። ለስላሳ እንኳ ገዝታ ስትጠጣ አላየናትም። ታዲያ ስለ ገንዘብ የሚሰጠን ምክር ሁሉ «አታባክኑ፣ ቆጥቡ» የሚል ከሆነ፣ ላላባከነና ለቆጠበ ሰው ምን ይጠቅመዋል? ይህን ጥያቄ ይዘን ነው በክበባችን መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሳ የቆየችውን አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ያነሳነው።

መጽሐፏና ደራሲው

መጽሐፏ በእንግሊዝኛ «ዘ ሪቸስት ማን ኢን ባቢሎን» ትባላለች፤ «የባቢሎን አንደኛው ባለጠጋ» እንደማለት ነው። ደራሲው አሜሪካዊው ጆርጅ ሳሙኤል ክሌሰን ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1874 ተወልዶ በ1957 አረፈ። ሙያው የካርታ አሳታሚነት ነበር። እነዚህን ታሪኮች እ.ኤ.አ. ከ1926 ጀምሮ በትንንሽ ጥራዞች አወጣቸው፤ ጥራዞቹንም ባንኮችና የኢንሹራንስ ኩባንያዎች በብዛት እየወሰዱ ለሰው ያድሉ ነበር። ኋላ ተሰብስበው መጽሐፍ ሆኑ። ይህችን ነጥብ ያዙልን፣ እንመለስባታለን።

ታሪኩ የሚጀምረው ባንሲር በሚባል ሠረገላ ሠሪ ነው። ባንሲር ጎበዝ ባለሙያ ነው፤ ከረጢቱ ግን ባዶ ናት። ጓደኛው ኮቢ የተባለው ሙዚቀኛ ደግሞ ሊበደረው ይመጣል። ባዶ ከባዶ ሊበደር ማለት ነው! ሁለቱ ቁጭ ብለው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሠርተው ለምን እጃቸው ላይ ምንም እንዳልቀረ ይመካከሩና አብሮ አደጋቸው ወደሆነው ወደ ሀብታሙ አርካድ ይሄዳሉ።

አርካድም ታሪኩን ይነግራቸዋል። በወጣትነቱ በሸክላ ጽላት ላይ እየቀረጸ የሚተዳደር ደሃ ጸሐፊ ነበር። አልጋሚሽ የሚባል ገንዘብ አበዳሪ ጽሑፍ ሊያስቀርጽ ይመጣል፤ አርካድ ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ ያድርና በምላሹ የሀብትን ምሥጢር እንዲነግረው ይጠይቃል። ምሥጢሩ አንድ ነው። ለእንጀራ ሻጩም፣ ለልብስ ሰፊውም ከመክፈልህ በፊት ካገኘኸው ቢያንስ ከዐሥር አንዱን ለራስህ አስቀር። በቃ። ቀሪው የመጽሐፏ ክፍል ይህን አንድ ሐሳብ በተለያየ ታሪክ እያዞረ ያስተምራል።

መጽሐፏ ትክክል የሆነችበት

ነገሩ ተራ ይመስላል። «ይህንንማ አያቴም ታውቀው ነበር» ያለ አባል ነበረን። እውነቱን ነው። ግን አያቱ የሚያውቁትን እሱ ያደርገዋል ወይ? ብለን ስንጠይቀው ሳቀ።

አብዛኞቻችን የምንለው «ከተረፈ እቆጥባለሁ» ነው። ተርፎ ያውቃል? የኢንሴንቲቭ ቀን ጠዋት ባለሱቁ የዱቤ ደብተሩን ይዞ ይጠብቃል፤ ማታ ከዘመድ ስልክ ይደወላል፤ በሦስተኛው ቀን ከእጅ ወደ አፍ ነው። አልጋሚሽ የለወጠው መጠኑን ሳይሆን ቅደም ተከተሉን ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ሰው በወር 8,000 ሽልንግ ያገኛል እንበል። ከዐሥር አንዱ 800 ነው፤ በአንድ ተርም ማለትም በሦስት ወር 2,400 ይሆናል። ወሩ ሲያልቅ 800 ፈልጎ ማግኘት የማይቻል ነው። በመጀመሪያው ቀን 800 ማንሳት ግን ከባድ ነው እንጂ የማይቻል አይደለም። ይህ ልዩነት የመጽሐፏ ትልቁ ቁም ነገር ነው፤ አንክድም።

ሁለተኛው ቁም ነገር ግን ልባችንን የነካው ነው። አርካድ የመጀመሪያውን ዓመት ቁጠባውን ምን አደረገው? አዝሙር ለሚባል ጡብ ሠሪ ሰጠው፤ አዝሙር ወደ ጢሮስ ሲሄድ ከፊንቄያውያን ዕንቁ ገዝቶ ሊያመጣለት። አልጋሚሽ ይህን ሲሰማ ተቆጣ። ስለ ጡብ የሚያውቅን ሰው ስለ ዕንቁ ታማክራለህ ወይ? አለው። እንደፈራውም ሆነ፤ የመጣው ዕንቁ ሳይሆን የብርጭቆ ስባሪ ነበር። የዓመት ቁጠባ በአንድ ቀን ጠፋ።

ይህን ገጽ ስናነብ እህታችን አንገቷን ደፍታ ነበር። ከዚያም «የኔም ዕንቁ ብርጭቆ ነበር» አለች። ክበቡ ጸጥ አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መጻፍ አለብን። ምዝገባም ሆነ የሦስተኛ አገር ሠፈራ ጉዳይ ክፍያ አይጠየቅበትም። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን አገልግሎቱ ሁሉ በነፃ እንደሆነ ደጋግሞ ያሳውቃል። ስለዚህ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው፣ ደረት ላይ የተንጠለጠለ ባጅ ቢኖረውም ባይኖረውም፣ የሚሸጠው ብርጭቆ ነው። ተማሪዎቻችን ይህችን ለወላጆቻችሁ አንብቡላቸው።

መጽሐፏ የሳተችበት

አሁን ወደ ነቀፌታው እንምጣ። መጽሐፏን ወደድናት ማለት ሁሉን ተቀበልን ማለት አይደለም።

አንደኛ፣ አርካድ የሚናገረው ገቢው በየጊዜው ለሚመጣ ሰው ነው። መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ይመጣል። የኛስ? እ.ኤ.አ. በ2025 የዓለም የምግብ ፕሮግራም በገንዘብ እጥረት ምክንያት በኬንያ ለስደተኞች የሚሰጠውን ራሽን በእጅጉ ሲቀንስ ያየነውን አይተናል። ትናንት የነበረ ነገ ላይኖር ይችላል። ለዚህ የሚሆን መልስ ባቢሎን ውስጥ ፈልገን አላገኘንም።

መልሱን ያገኘነው በሌላ መጽሐፍ ነው። ዳሪል ኮሊንስ፣ ጆናታን ሞርዱክ፣ ስቱዋርት ራዘርፎርድና ኦርላንዳ ሩትቨን እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጡት «ፖርትፎሊዮስ ኦቭ ዘ ፑር» የተባለ ጥናት ነው። አጥኚዎቹ በባንግላዴሽ፣ በህንድና በደቡብ አፍሪካ ከ250 በላይ ደሃ ቤተሰቦችን ለአንድ ዓመት ያህል በየሁለት ሳምንቱ ገደማ እየጎበኙ የገባውንና የወጣውን ገንዘብ መዝግበዋል። ያገኙት ነገር የደሃ ችግር ገንዘብ ማነሱ ብቻ እንዳልሆነ ነው። ገንዘቡ ያንሳል፤ የሚመጣበት ቀን ይለያያል፤ ደግሞም ሲፈለግ ለማግኘት የሚያመች መሣሪያ የለም። በዚህም ምክንያት ደሃ ቤተሰብ ከሀብታም ባላነሰ ሁኔታ ገንዘቡን ያስተዳድራል። ያበድራል፣ ይበደራል፣ ጎረቤት ጋ ያስቀምጣል፣ ማኅበር ይገባል።

ይህ የመጽሐፏን ትልቅ ስሕተት ያሳየናል። ባቢሎን ውስጥ ደሃ የሆነ ሰው ደሃ የሆነው ምሥጢሩን ስላላወቀ ነው። ሠፈራችንን ዞር ብሎ ያየ ሰው ግን ሌላ ነገር ይመለከታል። ካምፓችን እ.ኤ.አ. በ1992 ሲቋቋም ሰው የመጣው ባዶ እጁን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም አቀፉ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን ስለ ካኩማ ገበያ ያወጣው ጥናት ግን በካምፑ ውስጥ ከ2,000 በላይ የንግድ ቤቶች እንዳሉ ቆጥሯል። ከባዶ ተነሥቶ ሱቅና ምግብ ቤት የከፈተ ሕዝብ ገንዘብ መያዝ አያውቅም ብሎ ማስተማር ትንሽ ይከብዳል። የጎደለው ዕውቀት ብቻ አይደለም። የሥራ ፈቃድ፣ የመዘዋወር ነፃነት፣ ብድር የሚሰጥ ተቋም ሲጎድል ዐሥረኛው እጅ ብቻውን ምን ያህል መንገድ ይሄዳል?

እዚህ ላይ ነው ያዙልን ያልናችሁ ነጥብ የሚመጣው። ጥራዞቹን ያደሉት ባንኮችና የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ነበሩ። ባንክ ሰው እንዲያስቀምጥ ይፈልጋል፤ ኢንሹራንስም ሰው ስለ ነገ እንዲያስብ። ይህ ክፋት አይደለም። ግን አንድ ምክር ሲሰጠን «ማን አሳተመው? ምን እንድናደርግለት ይፈልጋል?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ከሥልጠና ስንመለስ በእጃችን ለሚሰጠን ወረቀትም ቢሆን ይኸው ጥያቄ ይሠራል። ለዚህችም ለኛ ጋዜጣ ጭምር!

ሁለተኛ፣ መጽሐፏ ለባዶ ከረጢት የሚሆኑ ሰባት መድኃኒቶች ትዘረዝራለች። አምስተኛው የራስህ ቤት ይኑርህ የሚል ነው። ይህን ስናነብ ሁላችንም ሳቅን፤ የመረረ ሳቅ። የምንኖርበት ቤትም ሆነ መሬቱ በስማችን አይደለም። መጽሐፏ በሌላ ቦታ ስለ ባቢሎን ግንብ ታወራለች። ጠላት ከተማይቱን ሲከብ ሕዝቡ ከግንቡ ጀርባ ተጠልሎ ይድናል፤ ቁጠባና ኢንሹራንስም እንደዚያ ግንብ ናቸው ትላለች። እኛ ግን ግንቡ ፈርሶበት የወጣ ሕዝብ ነን። መጽሐፍ ቅዱስ ለሚያነብ ሰው ደግሞ ባቢሎን የሀብት ሳይሆን የምርኮ አገር ናት። ክሌሰን ያያት በግንቡ ውስጥ ከተቀመጠው ነጋዴ ጋር ሆኖ ነው፤ ተማርኮ ከመጣው ጋር ሆኖ አላያትም ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ አንድ ታሪክ ለዚህ ነቀፌታ ራሱ መልስ ይሰጣል። ዳባሲር የሚባል የግመል ነጋዴ አለ። በወጣትነቱ ዕዳ ሲበዛበት ከባቢሎን ይሸሻል፤ ከሽፍቶች ጋር ይገጥማል፤ ተይዞ በሶርያ ባሪያ ሆኖ ይሸጣል። በመጨረሻ አምልጦ ሲመለስ ያበደሩትን ሰዎች ስምና የእያንዳንዱን መጠን በሸክላ ላይ ይጽፍና ገቢውን ከዐሥር ይከፍላል። ሰባቱ ለቤቱ፣ ሁለቱ ለዕዳው፣ አንዱ ለራሱ። ቀስ በቀስ ዕዳውን ጨረሰ። ከሁሉም ታሪኮች ለኛ የቀረበው ይህ ነው። አርካድ ሀብት ፍለጋ ነው የቆጠበው፤ ዳባሲር ግን አንገቱን ቀና አድርጎ በሰው ፊት ለመሄድ ነው። የዱቤ ደብተር ባለበት ሱቅ ፊት ለፊት ማለፍ ፈርቶ በጓሮ የዞረ ሰው ይህን ይረዳዋል።

ሦስተኛ፣ በዚያች ባቢሎን ሴት ነጋዴ የለችም፤ ሴት ቆጣቢም የለችም። ሴቶቹ ሚስት ወይም እኅት ሆነው ነው የሚመጡት፤ አንዳንዴም ገንዘብ የሚያስወጡ ተደርገው። በኛ ሠፈር እንጀራ የሚሸጠው ማን ነው? የዕቁቡን ደብተር የምትይዘውስ? ራሽኑን እስከ ወሩ መጨረሻ የምታደርሰውስ ማን ናት? መጽሐፉ ዛሬ ካኩማ ውስጥ ቢጻፍ አርካድ ሴት በሆነች ነበር።

አራተኛ፣ የዘመድ ነገር። ሮዳን የሚባል ጦር ሠሪ ከንጉሡ 50 ወርቅ ይሸለማል። ወዲያው እኅቱ ለባሏ አበድርልኝ ትለዋለች፤ ሰውዬው ነጋዴ ሊሆን። ሮዳን ጨንቆት ማቶን የተባለ ወርቅ አበዳሪ ያማክራል። የማቶን ምክር ጠንካራ ነው። ሰው መርዳት ጥሩ ነው፣ ግን የሌላውን ሸክም በራስህ ጫንቃ ላይ እንዲጭን አድርገህ አትርዳ። ገንዘቡን ለምን እንደፈለገው፣ ስለሚገባበትም ሥራ ምን እንደሚያውቅ ጠይቅ።

በዚህ ምክር ላይ ክበባችን ለሁለት ተከፈለ። ግማሾቻችን «ወርቅ ነው» አልን። ግማሾቻችን «ይህ ሰው እናት የለውም ወይ?» አልን። አገር ቤት ታማ የተኛች እናት ስትደውል «ለምን ፈለግሽው?» ተብሎ አይጠየቅም። ማቶን የረሳው ነገር የኛ ኢንሹራንስ ዘመድ መሆኑን ነው። ዛሬ የላክንለት ነገ ይልክልናል፤ ብድር በምድር ነው። ከረጅም ክርክር በኋላ የተስማማንበት ይህ ነው። ለቀብር፣ ለሕክምናና ለምግብ የሚላክን ገንዘብ እንደ ዕድር መዋጮ በዕቅድ እንያዘው፤ ከዐሥሩ አንዱ ወይም አቅም እንደፈቀደ ቀድሞ ይመደብለት። ለንግድ፣ ለጉዞና ለደላላ የሚጠየቅን ገንዘብ ግን እንደ ማቶን እንመርምረው። እህታችን ያንን ሰው ያገናኛት ዘመዷ ነበር።

ግብ ማለት ምን ማለት ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። እህታችን ቁጠባ አልጎደላትም፤ ግብም አልጎደላትም። ግቧ ከዚህ መውጣት ነበር። ይህን ማንም ሊነቅፍ አይችልም፤ የሁላችንም ግብ ነው። ችግሩ የዚህ ግብ ቁልፍ በእጇ አለመሆኑ ነው። ቁልፉ በሌላ ቢሮ፣ በሌላ አገር፣ በሌላ ሰው ፊርማ ውስጥ ነው። ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ ያለ በር ፊት ገንዘብ ይዞ የቆመ ሰው ደግሞ «ቁልፉ እኔ ጋ ነው» ለሚለው ሁሉ ይከፍላል።

ፕሮሰስን መጠበቅ ሌላም ጉዳት አለው። «ምን ብዬ ስፌት መኪና እገዛለሁ፣ በቅርቡ እሄዳለሁ» ያለ ሰው ስንት ዓመት ተቀመጠ? ሁላችንም እንዲህ ያለ ሰው እናውቃለን። አንዳንዶቻችን ራሳችን ነን። ተስፋ ማድረግ ይገባል፤ ግን ተስፋ ሌላ፣ የገንዘብ ግብ ሌላ ነው። መጽሐፏ ስለ ግብ ስትናገር ምኞት ትንሽና የተወሰነ ይሁን ትላለች፤ ቁልፉ ማን እጅ እንዳለ ግን አትጠይቅም። ስለዚህ ክበባችን በራሱ ሦስት ጥያቄዎች አወጣ። የገንዘብ ግባችንን ስናስቀምጥ እነዚህን እንጠይቅ፤

ቁልፉ ማን እጅ ነው? በራሳችን ሥራና በራሳችን ውሳኔ የምንጨርሰው ካልሆነ ጸሎት እንጂ የገንዘብ ግብ አይደለም።

መቼ ያልቃል? ከአንድ ተርም ወይም ከሁለት ተርም ባይበልጥ ይመረጣል። አምስት ዓመት ብለን ብናቅድ የት እንደምንሆን አናውቅም። 2,400 ሽልንግ በአንድ ተርም ግን የሚታይ ነገር ነው።

ነገ ተነሡ ብንባል ይዘነው እንሄዳለን ወይ? ቤት ይዘን አንሄድም። ሙያ፣ የምስክር ወረቀት፣ ቋንቋ፣ የልጅ ትምህርት ግን አብሮን ይሄዳል። የሚገርመው የመጽሐፏ ሰባተኛ መድኃኒት ይኸው ነው፤ የመሥራት ችሎታህን አሳድግ። ከሰባቱ ለስደተኛ ከሁሉም በላይ የሚሆነው የመጨረሻው ሆኖ አገኘነው።

ደብተርና እስክሪብቶ

ዳባሲር ዕዳውን በሸክላ ጻፈ ብለናል። መጻፍ በራሱ ኃይል እንዳለው ጃፓናውያን ቀደም ብለው ያውቁታል። ሐኒ ሞቶኮ የተባለች ጃፓናዊት ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ1904 ለቤት እመቤቶች የሚሆን የሒሳብ ደብተር አሳተመች። «ካኬቦ» ይባላል፤ የቤት የሒሳብ ደብተር ማለት ነው። በዚህ ልማድ የሚቆጥብ ሰው በወሩ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ራሱን ይጠይቃል። ምን ያህል አለኝ? ምን ያህል ማስቀረት እፈልጋለሁ? ምን ያህል አወጣሁ? በምን ላሻሽለው? የባቢሎኑ መጽሐፍ ሕግ ይሰጣል፤ ይህ ደብተር ግን ጥያቄ ይሰጣል። ገቢው ለሚዋዥቅ ሰው ከሕግ ይልቅ ጥያቄ ይሻላል ብለን እናምናለን። ራሽን በተቀነሰበት ወር ዐሥረኛውን አለማስቀረት ኃጢአት አይደለም። ለምን እንዳልቀረ አለማወቅ ግን ጉዳት ነው።

ሰባት ሆነን ለአንድ ተርም ሞከርነው። ደብተሩ የተማሪ ደብተር ነው፤ ሌላ ምንም አልገዛንም። እውነቱን ለመናገር ሁለታችን በሁለተኛው ሳምንት ተውነው። አንዱ ደብተሩን ልጁ የቤት ሥራ ሠራበት። አራታችን ግን እስከ መጨረሻ ዘለቅን። ያገኘነው ነገር ያሰብነውን አልነበረም። «ሻይ ቡናው ነው የሚጨርሰን» ብለን ነበር፤ አይደለም። አንዱ አባላችን ስኳርና ዘይት በየቀኑ በትንሽ በትንሹ በዱቤ በመግዛቱ ብቻ፣ በአንዴ ከሚገዛበት ዋጋ በላይ በወር 600 ሽልንግ ገደማ ሲከፍል መቆየቱን አየ። አባካኝ ስለሆነ ሳይሆን፣ የወሩ መጀመሪያ ላይ በእጁ ገንዘብ ስለማይኖረው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ግቡ ቀላል ሆነ። የአንድ ወር ስኳርና ዘይት በአንዴ የሚገዛበት ገንዘብ ማጠራቀም። በሁለት ወር ተኩል ደረሰበት። ቁልፉ በእጁ ነበር።

ስለ ዕቁባችን አንድ ቃል

ይህን ሁሉ ስንል የራሳችንን መሣሪያ ረስተን አይደለም። ዐሥር ሰው 1,000 ሽልንግ እየጣለ በየወሩ አንዱ 10,000 ሲወስድ፣ ቀድሞ የደረሰው ያለ ወለድ ተበደረ፣ መጨረሻ የደረሰው ያለ ሌባ ቆጠበ ማለት ነው። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ዋስ አለው። አርካድ ብቻውን የቆጠበውን የኛ ሰው በጋራ ይቆጥባል፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ። «አስቀር» የሚልህ ሕሊናህ ብቻ ሳይሆን ዘጠኝ ጎረቤት ነው።

ግን የካምፕ ዕቁብ አንድ አደጋ አለበት። ሰው ይሄዳል። ዕጣ ወስዶ በሁለተኛው ወር የበረረ ሰው ያላጋጠመው ዕቁብ ጥቂት ነው። መጥፎ ሰው ሆኖ ላይሆን ይችላል፤ ተጠራ፣ ሄደ። ስለዚህ ዕቁቡ ሲጀመር ሁለት ነገር ይጻፍ። ጉዞው የተቃረበ ሰው ዕጣው ወደ ኋላ ይሁን፤ ያን ጊዜ እሱ ከሄደ ዕቁቡ ለሱ ባለዕዳ ይሆናል እንጂ እሱ ለዕቁቡ አይሆንም። ተራው ሳይደርስ ከሄደ ደግሞ የጣለው ገንዘብ በስንት ቀን፣ በማን እጅ እንደሚላክለት ከወዲሁ ይወሰን። ይህ ሁለቱንም ወገን ከቅያሜ ያድናል። ዕቁቡ አጭር ይሁን፤ ከአንድ ዓመት ባይበልጥ ጥሩ ነው።

ማጠቃለያ

እንግዲህ «የባቢሎን አንደኛው ባለጠጋ» ትነበብ ወይ? ትነበብ እንላለን። ቀላል ናት፣ አጭር ናት፣ እንግሊዝኛዋ ትንሽ ያረጀ ቢሆንም ከስምንተኛ ክፍል በላይ ያለ ተማሪ በመዝገበ ቃላት ይወጣታል። ግን እንደ ሕግ መጽሐፍ ሳይሆን እንደ መወያያ ትነበብ። ዐሥረኛውን ቀድሞ ማንሳትን፣ የዳባሲርን ሐቀኝነትና የብርጭቆውን ትምህርት ውሰዱ። ደሃ የሆናችሁት በራሳችሁ ጥፋት ነው የሚለውን ድምፅ ግን እዚያው ባቢሎን ተዉት። መምህራንም ለሒሳብ ክፍለ ጊዜ የዳባሲርን ሰባት፣ ሁለትና አንድ ክፍልፋይ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ፤ እኛ ሞክረነው ልጆቹ የየቤታቸውን ዱቤ እያነሱ ጥያቄ አዥጎደጎዱብን።

እህታችንስ? ገንዘቧ አልተመለሰም። ይመለሳል ብለን አንዋሻችሁም። ለሚመለከተው አካል አመልክታለች። በዚህ ተርም በደብተሯ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አዲስ ግብ ጽፋለች። የኮምፒውተር ኮርስ መመዝገቢያ፣ በሁለት ተርም። ከሥሩም በቀይ እስክሪብቶ «ቁልፉ እኔ ጋ ነው» ብላለች።

መጽሐፏ በቤተ መጻሕፍታችን አንድ ቅጂ ብቻ ናት፤ ተራ እየያዛችሁ ለአንድ ሳምንት መዋስ ትችላላችሁ። ደብተር ሞክራችሁ ያገኛችሁትን፣ ወይም በኛ ትችት የማትስማሙበትን ጻፉልንና በትምህርት ቤቱ የአስተያየት ሣጥን ውስጥ ክተቱልን። በሚቀጥለው ዕትም እናወጣዋለን።

መልካም ንባብ፣ መልካም ተርም!